ስለ ካሜራ ለጠየቅከኝ ልጅ

«ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ፊልሜ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብለህ ጻፍክልኝ። በአንድ መስመር የሚመለስ ነበር፤ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀስክብኝ።

ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት የምትዘፍን ልጅ ነበረች። እኔና ጓደኛዬ ለእሷ ብለን ታሪክ ጻፍን። ልጅቷ እሺ አለች፤ ባለቤቱም ገበያ በሚቀዘቅዝበት በሰኞ ቤቱን ሊለቅልን ተስማማ። የቀረው ስፖንሰር ነበር። አንድ ነጋዴ ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰን። ቢሮው የሚቀርበው ሻይ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ቅርንፉድ የበዛበት ግሩም ሻይ ነበር። በዚህ መሃል ልጅቷ ዱባይ ሄደች። ቤቱም ፈረሰ። እሷን የሚተካ ፈልገን ነበር፤ አንዷም እንደሷ «አምባሰል» አትወጣም።

የአየርላንዱን ዳይሬክተር የጆን ካርኒን «ዋንስ» የተባለ የሙዚቃ ፊልም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አይቼ ተናደድኩ። ዋናው ተዋናይ ሊሆን የነበረው ኪሊያን መርፊ ሲወጣ ገንዘብ ሊያወጡ ያሰቡ ሰዎችም ሸሹ። ካርኒ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ዘፈኖቹን የሚሠራውን ግሌን ሃንሳርድን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደብሊን ጎዳና ላይ ጊታር ይዞ የዘፈነውን ሰውዬ፣ ከ17 ዓመቷ የቼክ አገር ልጅ ከማርኬታ ኢርግሎቫ ጋር ካሜራ ፊት አቆመው። የራሱን ደመወዝ ለሁለቱ ሰጠ። በ17 ቀን፣ ከ150 ሺህ ዩሮ በማይበልጥ ገንዘብ ጨረሰ። ግራፍተን ጎዳና ላይ ትንሿን ቪዲዮ ካሜራ ራቅ አድርጎ በረጅም ሌንስ ስለቀረጸ፣ ብዙው መንገደኛ ፊልም እየተሠራ መሆኑን እንኳ አላወቀም፤ ትወና ሙያቸው ያልሆነው ሁለቱም ካሜራው ስላልተደቀነባቸው ዘና አሉ። የወዳጅ ቤት ለቀረጻ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዘፈናቸው ኦስካር ወሰደ።

እርግጥ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የአየርላንድ ፊልም ቦርድ ነው። «ጋሼ፣ እኛ እንዲህ ያለ ቦርድ የታለን?» ብትለኝ አፌን ታስይዘኛለህ። ቢሆንም ኪስህ ያለው ስልክ ያኔ እሱ ከያዘው ካሜራ ሳይሻል አይቀርም። እናንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሌንስ የሚያወራ ዩቲዩብ ላይ ታፈጣላችሁ።

ዕቃ አትግዛ እያልኩ ማይክ ግን ግዛ እላለሁ፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፁ ከተበላሸ ጥሎህ ይሄዳል። ስለ ስክሪፕት ምንም አልልህም፣ ከእኔ የተሻለ ተምረሃል። ያሰብከው ሰው እሺ ካለህ በዚያው ሳምንት ቅረጸው። የቀረጽከውን በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ፣ እሑድ አየዋለሁ።