አጥንት ከቆጠራችሁ እስከ አዳም ቁጠሩ

ልጆቼ፣ በእስራኤል ፍርድ ቤቶች በአማርኛና በዕብራይስጥ አስተርጓሚነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጎንደር ሳለን የእኛ የቤተ እስራኤል ቄሶች ኦሪትን በግእዝ ያነቡልን ነበር፤ ሚሽናና ታልሙድ የተባሉት የአይሁድ ረቢዎች የሕግና የትምህርት መጻሕፍት ግን በእጃችን አልነበሩም። እኔም ሚሽናን ያገኘሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በሥራዬ ሰበብ ነው።

ሚሽና እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ በገሊላ ያጠናቀረው ነው። ሰንሄድሪን በተባለው ክፍል፣ ምዕራፍ 4 ላይ፣ ሞት በሚያስፈርድ ክስ ምስክር ከመናገሩ በፊት ዳኞች እንዴት እንደሚያስጠነቅቁት ተጽፏል። የገንዘብ ክርክር ቢሆን ጥፋትህን በገንዘብ ትክሳለህ፤ እዚህ ግን የሰውየው ደም፣ ሳይወለዱ የሚቀሩት ዘሮቹም ደም በራስህ ላይ ነው ይሉታል። ማስረጃቸው የአቤል መገደል ነው። ዕብራይስጡ ስለ አቤል «ደም» አይልም፤ «ደሞች» ይላል። አማርኛችን ደምን በብዙ ቁጥር መጥራት ስለማይወድ ይህች ነገር በትርጉም ትጠፋለች። ለአስተርጓሚ እንዲህ ያለች ጥፋት እንቅልፍ ትነሣለች።

ከዚያ ወደ አዳም ይሻገራሉ። ሰው ብቻውን ለምን ተፈጠረ? አንድ ነፍስ ያጠፋ ዓለምን ሁሉ እንዳጠፋ፣ አንድ ነፍስ ያዳነም ዓለምን ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር ሊያስተምረን ነው። ደግሞም ማንም ለባልንጀራው «አባቴ ከአባትህ ይበልጣል» እንዳይለው ነው። ሰው በአንድ ማኅተም ብዙ ሳንቲም ሲመታ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ፈጣሪ ግን ሁሉን በአዳም ማኅተም ይመታል፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም። በብዙ የታተሙ ቅጂዎች «አንድ ነፍስ» በሚለው ላይ «ከእስራኤል» የሚል ቃል ታክሎ ታገኛላችሁ፤ በቆዩ የእጅ ጽሑፎች ግን ቃሉ የለም። እኔ ያለ ጭማሪው ነው የማነበው። ለመሆኑ አዳም የየትኛው ወገን ሰው ነበር?

ከእናንተ ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ግቢ፣ ጥቁር ሰውን ለመናቅ በሚባለው የዕብራይስጥ ቃል፣ «ኩሺ» ተብላችሁ ተሰድባችኋል። ነቢዩ አሞጽ «የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ባለበት ቦታ ዕብራይስጡ ላይ የቆመው ይኸው ቃል ነው። ሰዳቢው ኦሪት አውቃለሁ ባይ ከሆነ፣ አሞጽን ምዕራፍ 9 ላይ ግለጡለት።

የሚከብደኝ የራሳችንን ቤት ጉዳይ ማንሣት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴ ልጅ ሊያጭ ፈልጎ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አባቱ ቤት ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ፤ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም፤ ደስ አለን። ያኔ አንደኛው አዛውንት ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መልሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቱ ጨዋ ናት?» አለ። ስለ ምግባሯ እየጠየቀ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። «ባሪያ» ከሚባለው ወገን መሆን አለመሆኗን ነበር የፈለገው። ማንም አልመለሰም፤ ዝምታውም መልስ ሆነ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከወር በፊት ያችን ምዕራፍ አብሬው ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ። ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ።

ዝምድናን ለመለየት ሰባት ቤት መቁጠር ደግ ልማድ ነው፤ አትተዉት። አጥንት ለመለየት የሚቆጥር ሰው ሲገጥማችሁ ግን ቁጥሩን ወደ ላይ እንዲቀጥል ጠይቁት። በአደባባይ፣ ቡናው ሳይነሣ ጠይቁት፤ እንደ እኔ ቤት ገብታችሁ አትብሰልሰሉ። ያች ምዕራፍ ወደ መጨረሻዋ «ይህ ጣጣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ምስክር መልስ አላት። መልሱን ከዘሌዋውያን ትወስዳለች፦ ያየውን ወይም ያወቀውን ሳይናገር የቀረ ምስክር ኃጢአቱን ይሸከማል።