የአምስት ወር ልጅ የሚቀበል ዴይኬር ላጣሽው እህቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የደወልሽላቸው ሁሉ «ከሁለት ዓመት በታች ቦታ የለንም» እንዳሉሽና ሥራ የምትጀምሪበት ቀን እንደደረሰ ጽፈሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ላይሰንስ አውጥቼ ቤቴ ልጅ ስይዝ ዓመታት ሆኖኛል። ይህንኑ መልስ ለእናቶች መስጠት ሁሌም ይከብደኛል፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ግን መፈለጊያው መንገድም ይገባሻል።

ቤታችን የምንሠራ ሰዎች እስከ 8 ልጅ መያዝ እንችላለን። ብቻችንን ከሆንን ግን ከሁለት ዓመት በታች የሚፈቀድልን 2 ብቻ ነው፤ የራሳችን ጨቅላ ካለ እሱም ከዚያው ይቆጠራል። ትልልቆቹ ማዕከሎች ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ለ3 ልጅ አንድ ሠራተኛ መመደብ አለባቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አንዷ ሠራተኛ 6 ትይዛለች። የሦስት ሕፃን ክፍያ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ኪራይና ኢንሹራንስ መሸፈን አለበት ማለት ነው። ዋጋው የሚሰቀለውም፣ አንዳንዶቹ የሕፃናት ክፍል ጭራሽ የማይከፍቱትም ለዚህ ነው።

ቢሆንም ቁጥሩ ይላላ የሚሉትን አልደግፍም። የእሳት ልምምድ ስናደርግ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ክንዴ ታቅፌ፣ ትልልቆቹ ገመዳቸውን ይዘው ከፊቴ ይወጣሉ። ሌላ የማይራመድ ልጅ ቢኖር በየትኛው እጄ አወጣዋለሁ? ያለ ላይሰንስ ብቻዋን ስድስት ሰባት ሕፃን የምትይዝ ሴት በርካሽ ብታገኚ፣ እባክሽ ይህን አስቢ።

ስትደውይ «ቦታ አለ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊ። «ከያዝሻቸው ሕፃናት ሁለት ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?» በያት። ልጁ እዚያው ቢቆይም ልደቱ ሲደርስ የሕፃን ቦታ ይለቃል። ቀኑን ከነገረችሽ ተመዝገቢ፣ ሲቃረብም መልሰሽ ደውይ። ሌላም አለ፦ ከእኛ ጋር ሁለተኛ አዋቂ ካለና ፈቃዳችን ከተስተካከለ ከሁለት ዓመት በታች እስከ 4 መያዝ ይቻላል። ለአንድ ሕፃን ብሎ ረዳት መቅጠር አያዋጣም፤ ሁለት እናቶች ተነጋግራችሁ አብራችሁ ብትመጡ ግን ያዋጣል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ እንደ አንቺ የምትፈልግ እናት አትጠፋም፣ ጠይቂ። የሜሪላንድ ፋሚሊ ኔትወርክ «ሎኬት» የሚባል አገልግሎትም በልጁ ዕድሜና በሰፈርሽ ፈልጎ ላይሰንስ ያላቸውን ይነግርሻል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የዴይኬር ክፍያን የሚያግዘው የስቴቱ ቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ አለ። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ምዝገባ ታግዶ ወረፋ ተጀመረ፤ ያም ሆኖ ማመልከቻሽን አስገቢ፣ ወረፋ ውስጥ ያልገባ አይጠራም። ብዙ እናቶቻችን «ወረቀቴ አላለቀም» ብለው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። የዜግነትና የኢሚግሬሽን ጥያቄው የሚታየው በልጁ ነው፤ ልጅሽ እዚህ ከተወለደች የአንቺ ወረቀት አያስቀራትም።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም ፉድ ስታምፕ የምታገኙ ከሆነ ኧርሊ ሄድ ስታርት የሚባለውን የመንግሥት ፕሮግራም እንዳትዘነጊ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፣ ክፍያ የለውም። እርጉዝ ሴትም ማመልከት ትችላለች፤ ስለዚህ ይህን የምታነብቡ ነፍሰ ጡሮች ሆዳችሁ ሳይገፋ ጀምሩ። አንዳንዱ ፕሮግራም አስተማሪ ቤት ድረስ የሚልክ ብቻ ነውና ሙሉ ቀን ልጅ ይይዝ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የጎረቤት ልጅ ያለ ላይሰንስ እየያዛችሁ ያላችሁ እህቶች ደግሞ፣ እባካችሁ ላይሰንሱን አውጡ። ስኮላርሺፕ ያላት እናት ወደ እናንተ መምጣት የምትችለው ያኔ ነው። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚከብዳችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን አብረን እንሞላዋለን።