ደጅ የሚጠናችሁን ሰው እዩት፦ ከሎርድ ቼስተርፊልድ ሕይወት ለወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በየቢሮው ከእንግዳ ጋር መዋል የጀመራችሁ ወጣቶች፣ «ጋሼ፣ ፕሮቶኮል ከየት እንማር?» ትሉኛላችሁ። በዚህ ሥራ አርጅቻለሁና መልስ አላጣም። ዛሬ ግን ደንቡን ትቼ ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ። ፊሊፕ ስታንሆፕ ይባላል፤ አራተኛው የቼስተርፊልድ ኧርል። በ1694 እ.ኤ.አ. ለንደን የተወለደ ባላባት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው።) በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ስለ ጨዋነት ሲወራ የሱ ስም አይቀርም ነበር።

ሥራውን ያውቃል። በ1728 አምባሳደር ሆኖ ሆላንድ አገር፣ ሄግ ከተማ ገባ። እንግሊዝና ኦስትሪያ በ1731 ቪየና ላይ በተፈራረሙት ውልም እጁ አለበት። በ1745 ስኮትላንድ ውስጥ አመፅ ሲቀሰቀስ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ አየርላንድን ያስተዳድር ነበር። እሳቱ ካቶሊክ ወደሚበዛባት አየርላንድም ይዛመታል ተብሎ ሹማምንቱ ተሸብረዋል። አንድ ጠዋት አንዱ ሲሮጥ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ካቶሊኮቹ ሊነሱ ነው!» አለው ይባላል። ቼስተርፊልድ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «ሦስት ሰዓት ሆኗል እኮ፤ ቢነሱ ምን ይገርማል?» አለ። ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አለቃ ሲደነግጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይደነግጣል። አየርላንድም ያን ጊዜ ሳትነሳ ቀረች።

ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ አለ። ያኔ እንግሊዝ ከአብዛኛው አውሮፓ በ11 ቀን ወደኋላ ቀርታ ነበር። ቀጠሮ ስንይዝ ዛሬም «በፈረንጅ ነው በኛ?» ለምንባባለው ለእኛ ጣጣው አይጠፋንም። ቼስተርፊልድ በ1751 ይህን የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለሎርዶች ምክር ቤት አቀረበ። በሕጉ መሠረት ሴፕቴምበር 2 ቀን 1752 የተኛ እንግሊዛዊ በማግስቱ ሴፕቴምበር 14 ላይ ነቃ። ታዲያ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ምን አለ መሰላችሁ? ስለ ሥነ ፈለክ አንድም ነገር እንደማያውቅ፣ አድማጮቹም ቢነገራቸው እንደማይገባቸው አውቆ፣ ቃላቱንና አነጋገሩን ብቻ እንዳሳመረ በግልጽ ነገረው። ከሱ ቀጥሎ የተናገረው ሎርድ ማክልስፊልድ ግን የታወቀ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ሰው ያጨበጨበው ለቼስተርፊልድ ነው። ጭብጨባው እንደማይገባውም ራሱ ጽፎታል። እኔ በዚህ አላማውም። ጥሩ ተናጋሪ መሆን ሙያ ነው፣ ተማሩት። ግን ከጀርባችሁ ስሌቱን የሠራ አንድ ማክልስፊልድ እንዳለ አትርሱ። ስሙን ጥሩለት።

አሁን ወደማልወድለት ነገር ልምጣ። በ1747 ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል ድሃ ጸሐፊ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅ ተነሳ። ዕቅዱን ጽፎ ለቼስተርፊልድ አበረከተ። ሎርዱ 10 ፓውንድ ሰጠው፤ ከዚያ ረሳው። ጆንሰን ደጅ ጠና፣ ከበር ተመለሰ። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል በ1754 መጨረሻ ላይ ቼስተርፊልድ ድንገት ብቅ ብሎ በጋዜጣ ያሞግሰው ጀመር። ጆንሰን በፌብሩዋሪ 1755 ደብዳቤ ላከለት። ከደጃፍዎ ከተገፋሁ ሰባት ዓመት አልፏል አለው። ደጋፊ ማለት ሰው ውኃ ውስጥ ሲታገል ዝም ብሎ አይቶ፣ ዳር ሲደርስ በእርዳታ የሚያስቸግር ነውን? ብሎም ጠየቀው።

ቼስተርፊልድ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየ፣ «እዩ እንዴት አድርጎ እንደጻፈው!» ይል ነበር። አልተቆጣም፣ አልተከላከለም። ደንበኛ ዲፕሎማት ነው። ጆንሰንን የመለሰው አሽከር መሆኑን ባውቅ ኖሮ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አባርረው ነበር ማለቱም ተጽፏል። ይሁን እንመነው። ግን በራችሁ ላይ ምን እንደሚደረግ ማወቅ የማን ሥራ ነው? ዘበኛው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ የሚመልሰው ባለጉዳይ፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ከፋይል ሥር የሚከርመው ማመልከቻ፣ በናንተ ስም ነው የሚመለሰውና የሚከርመው። ለሚኒስትር ወንበር መሳብማ ማንም ያውቅበታል።

የልጁ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከብደኛል። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከ400 በላይ ደብዳቤ ጻፈለት። እንዴት ወደ አዳራሽ እንደሚገባ፣ ሥጋ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ጥርስ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ጮክ ብሎ መሳቅ ነውር እንደሆነ ሳይቀር። ልጁ ትምህርት ገባው፣ ዓይናፋርነቱ ግን አልለቀቀውም። በአባቱ እጅ ፓርላማ ገብቶ መናገር አልሆነለትም። በኋላ ጀርመን አገር ሃምቡርግ፣ ሬገንስቡርግና ድሬስደን በመልእክተኛነት ሠራ። በ1768 ደቡብ ፈረንሳይ፣ አቪኞን አካባቢ ሞተ፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። አባት ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሉት የሰማው። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሁሉም ነገር ሲጻፍለት የኖረ ልጅ፣ ማግባቱን ለአባቱ ለመንገር አልደፈረም። ወላጅም አለቃም የምትሆኑ ናችሁና፣ ከሥራችሁ ያለ ሰው እናንተን ፈርቶ ምን እንደሚደብቅ አልፎ አልፎ ጠይቁ።

ሽማግሌው ክፉ አልሆነም። የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገባ፣ በኑዛዜውም አሰባቸው። ለምራቱ ለዩጂኒያ ግን ምንም አልተወላትም። እሱ በማርች 1773 ሲሞት ደብዳቤዎቹ እሷ ዘንድ ነበሩ። ከ1,500 ፓውንድ በላይ ለአሳታሚ ሸጠቻቸው፤ በ1774 ታተሙ። ለሕዝብ ዓይን ያልታሰበ የአባትና የልጅ ወረቀት እስከ ዛሬ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።