ሙሌቱ ከፍ ብሎ መንገጭላሽ ለታመመ እህቴ

እህቴ፣ ከመሐል ሜዳ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የታችኛውን መንጋጋ ጥርስሽን ካስሞላሽ ሦስት ሳምንት ሆኖሻል፤ አፍሽን ስትገጥሚ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል፤ ጆሮሽ ሥር ያምሻል፤ ስትከፍቺም ቀጭ ይላል። «ይለመዳል» የሚሉሽን ልስማ ወይስ ላስነቅለው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን የማስተምር መምህርት ነኝ። ይህንኑ ሕመም ግን ሰባት ወር ተሸክሜዋለሁ። ሁለቱንም አታድርጊ፤ ወደ ሞላልሽ ሐኪም ተመለሺ።

እኔ ያስሞላሁት በጥቅምት ነበር። ሐኪሙ «ግጠሚ፤ እንዴት ነው?» ሲለኝ ግማሽ ፊቴ በማደንዘዣ ደንዝዞ ስለነበር «ደህና ነው» አልኩት። ማታ ማደንዘዣው ሲለቀኝ ጥርሴ ላይ የገብስ ቆሎ ስባሪ የተጣበቀ መሰለኝ። በምላሴ ብፈልግ፣ በመፋቂያ ብፍቅ የሚወጣ ነገር የለም። ለካ ሙሌቱ ራሱ ነው። ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ስስ ጅማት የአንዲት ፀጉር ውፍረት እንኳ ይሰማዋል። ያን ጥርስ ላለመንካት ሳላስበው መንገጭላዬን ወደ ግራ ገፋ አድርጌ መግጠም ጀመርኩ፤ ጉንጬና ጆሮዬ ሥር ያለው መጋጠሚያ የታመሙት ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡኝ፤ ሌላዋ ጆሮ ደግፍ ነው አለች። የጆሮ ሐኪም ዘንድም ሄጄ ጆሮሽ ጤናማ ነው ተብዬ ተመለስኩ።

በግንቦት ሌላ የጥርስ ሐኪም ቀጥ ብዬ እንድቀመጥ አደረገችኝና እንደ ካርቦን ያለ ሰማያዊ ስስ ወረቀት በጥርሶቼ መካከል አስገባች። ጠቅ ጠቅ አደረግኩ፤ ከዚያ መንገጭላዬን ወደ ጎን አሸሸሁት። በመስታወት ስታሳየኝ ሌሎቹ ጥርሶች ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ አለ፤ ሙሌቱ ላይ ግን መሐሉ የነጣ ደማቅ ሰማያዊ ቀለበት። ያን ቦታ ብቻ ሞረደችው፤ ደግማ በወረቀት አየችው፤ ሦስት ጊዜ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ምራቄን ስውጥ የሚመታኝ ነገር ጠፋ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

መንገጭላዬ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ ሁለት ወር ፈጅቷል። በሶ፣ ገንፎና የሽሮ ፍትፍት እየበላሁ ቆየሁ። በእኛ አገር ቡና በተጠራሽበት ቤት ሁሉ ቆሎ ይቀርባልና እምቢ ማለት ይከብዳል፤ «ጥርሴን ታክሜ ነው» ስትያቸው ይረዱሻል። ማስቲካም ተዪ። ማታ ማታ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጬ ላይ አደርጋለሁ፤ ጠዋት በብርዱ ስወጣ ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ እጠመጥማለሁ። ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊው። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ከንፈር ተገጥሞ ጥርስ እንዲለያይ ማድረግ ነው። ጥርስ መነካካት ያለበት ስንበላና ስንውጥ ብቻ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ እንደምውል ስላላወቅኩ ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ ነጥብ አደርግ ነበር፤ ነጥቡን ባየሁ ቁጥር መንገጭላዬን እለቅቀዋለሁ። ቀጭ ማለቱ ካላመመሽ አያስጨንቅሽ፤ የእኔ ዛሬም አልፎ አልፎ ይላል።

ጥርሱ ሌሊት ሳትነኪው የሚጠዘጥዝሽ ወይም ትኩስ ጠጥተሽ ሕመሙ የሚቆይ ከሆነ ነርቩ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪው፤ ያ በመሞረድ ብቻ አይድንም። ፊትሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ፣ መዋጥ ካቃተሽ ወይም አፍሽ ሁለት ጣት እንኳ ማስገባት ካልቻለ ግን ቀን ሳትቆጥሪ ሆስፒታል ሂጂ። ሐኪሙ ጤነኞቹን ጥርሶች ጭምር ልሞርድ ካለሽ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቂው፤ የተሞረደ ጥርስ አያድግም።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ ሂጂ። ሙሌት ለማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግምና ሳትደነዝዢ እንዲያየው ጠይቂው። ሲጨርስ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ግጠሚ፤ ወደ ጎንም አሽሺው። አሁንም ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ከወንበሩ ሳትነሺ ንገሪው።