ኮተት የሞላው ቤት ሲጸዳ ኢንሹራንስ ይከፍላል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለዓመታት የሠራሁት በቤት ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል ነው። ዕቃ መጣል የማይሆንላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ እናቴ 30 ዓመት ያጠራቀመችው ዕቃ ቤቱን ሞልቶታል። የማጽጃውን ወጪ ኢንሹራንሷ ይችላል?

መልስ፦ ማጽዳቱን ብቻ ከሆነ አይችልም። ይህን ስናገር ደስ አይለኝም፤ ግን ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል። የቤት ኢንሹራንስ የሚክሰው ድንገት የደረሰን ጉዳት ነው፦ ቃጠሎ፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ አውሎ ነፋስ። ኮተት ግን ቀስ በቀስ ነው የሚከማቸው። አይጥ የበላው ወለል፣ በእርጥበት የሻገተ ግድግዳ፣ ሳይጠገን የኖረ ጣሪያም አብዛኛውን ጊዜ አይካሱም። ውሉ ውስጥ የማይሸፈኑ ጉዳቶች የተዘረዘሩበትን ክፍል ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ቢፈነዳስ? ቤቱ ስለተጨናነቀ ይከለክሉናል?

መልስ፦ ስለተጨናነቀ ብቻ መከልከል የለባቸውም። ነገሩ የሚወሳሰበው ግን እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤት ትዝ ይለኛል። ከበሩ እስከ አልጋው የሚያሳልፈው በጎን ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኝ ጋዜጣ እስከ ትከሻ ተቆልሏል። ሳሎን ውስጥ ቧንቧ ፈነዳና ሁሉን አራሰው። ወጥ ቤት ያለው ቁልል ሲነሳ ግን ሌላ ነገር ወጣ። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ከድሮ ጀምሮ ያንጠባጥብ ነበር፤ የወለሉ እንጨት በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የፈነዳው ቧንቧ ያበላሸው ተካሰ፤ የበሰበሰው ወለል አልተካሰም። ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሴትዮዋ ያለቀሱት ግን ለወለሉ አልነበረም። ሰው ገብቶ ቤታቸውን ስላየባቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሹራንሱ በሚሸፍነው አደጋ የተበላሸን ዕቃ አንስቶ መጣል በብዙ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) እስከ ተወሰነ ገንዘብ ይከፈላል። ያልተነካውን ኮተት ማውጣት ግን የባለቤቱ ወጪ ነው።

ጥያቄ፦ እሳትስ?

መልስ፦ ቃጠሎ በመሠረቱ ይሸፈናል። ቸልተኝነት ነው የሚል ክርክር ግን ሊመጣ ይችላል። እኔን ከካሳው ይልቅ የሚያስፈራኝ መውጫው መዘጋቱ ነው። ምድጃና ማሞቂያ አጠገብ ያለውን ዛሬውኑ አንሱ።

ጥያቄ፦ ለኢንሹራንሱ ሳንነግር ብናልፈውስ?

መልስ፦ ስለ ቤቱ ሁኔታ ከጠየቁ እውነቱን ንገሩ። የተዋሸበት ውል አደጋ በደረሰ ቀን ሊፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓረቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የከፈላችሁት ገንዘብ፣ መና ሊቀር ይችላል። መርማሪ ልከው ቤቱን ካዩ ውሉን አናድስም ሊሉ እንደሚችሉም እወቁ። ስለዚህ በሩን፣ መተላለፊያውንና የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን አካባቢ ቀድማችሁ ክፈቱ፤ ፎቶም አንሱ።

ጥያቄ፦ ኮተቱን ትቶልኝ የሄደው ተከራይ ነው።

መልስ፦ የአከራይ ፖሊሲም ቢሆን ቆሻሻ ማውጣትን እምብዛም አይሸፍንም። ተከራዩ ያስያዘው ገንዘብ ካለ እሱን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አባታችን አርፈው ቤቱን ወረስን። ማንም አይኖርበትም።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ቶሎ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ። ቤት 30 ወይም 60 ቀን ሰው ካልኖረበት ሽፋኑን የሚቀንሱ ፖሊሲዎች ብዙ ናቸው። ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ውሉ ራሱ እዚያ ቁልል ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሳትኖር መኪና አምጥተን ጠርገን ብንጥለውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ይህን አታድርጊ። ዕቃ መጣል አለመቻል ስንፍና አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ራሱን የቻለ ሕመም መዝግቦታል። በግድ የተጠረገ ቤት ብዙ ጊዜ መልሶ ይሞላል፤ እናትሽም ከዚያ በኋላ በር ላይከፍቱልሽ ይችላሉ። ሕመሙን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጊ። አብራችሁም በአንድ መተላለፊያ ጀምሩ፤ ከአልጋቸው እስከ በሩ ባለው።