የያኩዛው አለቃ ሊፍት የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። በ2090 ኦሳካ ላይ የሚካሄድ የሳይበርፐንክ ካምፔይን ልትመራ ነው፤ ማለትም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በዳይስና በትረካ የሚጫወቱት፣ ቴክኖሎጂና ኩባንያ በነገሠበት መጪ ዘመን ላይ የሚያጠነጥን ተከታታይ የሚና ጨዋታ። ተጫዋቾችህ የያኩዛ፣ የጃፓን የተደራጁ ወንጀለኞች፣ ዕዳ ውስጥ ይገባሉ። ግን ያኩዛዎቹን ባመጣሃቸው ቁጥር ጥቁር መነፅር፣ ሰይፍና ንቅሳት ብቻ ይሆኑብሃል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው መፍራቱ ቀርቶ ይስቃል። ጃፓኖቹንም ካርቱን እንዳላደርጋቸው ብለህ ሰግተሃል።

እኔ ኮቤ ላይ የተመሠረተ ረጅም ካምፔይን መርቻለሁ። ተጫዋቾቼ እንዳንተዎቹ ናቸው፤ ሽጉጥ ካዩ ሽጉጥ የሚያወጡ፣ ዳይስ ካልወረወሩ የተጫወቱ የማይመስላቸው። ስለዚህ የምነግርህ ጠረጴዛ ላይ ሞክሬ የሠራልኝን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሰይፍና መነፅሩ ከየት መጣ? ይህ የጨዋታ ዓይነት የተወለደው በ1980ዎቹ ነው። ያኔ የጃፓን ገንዘብ አሜሪካን ጠቅልሎ ሊገዛት ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። በ1989 ሚትሱቢሺ እስቴት የኒውዮርኩን ሮክፌለር ሴንተር አብላጫ ድርሻ ሲገዛማ ፍርሃቱ ጣሪያ ነካ። መጪው ዘመን የጃፓን ነው ተባለ። ያኩዛውም በዚያ ሥዕል ውስጥ ባለ ፎቅ፣ ባለ ኩባንያና ባለ ሰይፍ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። ጨዋታዎቻችን ግን እዚያው 1989 ላይ ቀሩ።

እውነተኛው ያኩዛ ሌላ ነው። በ1963 የአባላቱ ቁጥር ወደ 184 ሺህ ደርሶ ነበር። በ2024 መጨረሻ የጃፓን ፖሊስ የቆጠረው ከ20 ሺህ በታች ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ 50 ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ሰባውን የተሻገሩም ሞልተዋል። ስለዚህ "በ2090 ምን ያህል ኃያል ናቸው?" ብለህ አትጀምር። "እንዴት ሳይጠፉ ቆዩ?" ብለህ ጀምር። ታሪክህ የሚመጣው ከዚህ መልስ ነው።

ለዚህ ሕጉን ማወቅ አለብህ። አሰልቺ የሚመስለው ይሄ ክፍል ነው ጨዋታውን የሚያሞቀው፣ እመነኝ። ያኩዛ የተደበቀ ማኅበር አይደለም። አባል መሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም። ፖሊስ ድርጅቶቹን በስማቸው መዝግቦ ይዟቸዋል። ትልቁ ያማጉቺ-ጉሚ በ1915 ኮቤ ውስጥ ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1992 እነሱን የሚቆጣጠር ልዩ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በ2011 ደግሞ የማግለያው ደንብ 47ቱንም የአገሪቱን ክፍለ ግዛቶች አዳረሰ። የደንቡ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ዱላው የሚያርፈው ያኩዛው ላይ ሳይሆን ከያኩዛው ጋር የሚነግደው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ባንኩም፣ ስልክ ኩባንያውም፣ አከራዩም፣ ኢንሹራንሱም ውላቸው ላይ "የወንጀል ቡድን አባል አይደለሁም" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ዋሽቶ የፈረመ በማጭበርበር ይከሰሳል። በሌላ ሰው ስም በወጣ የአውራ ጎዳና መክፈያ ካርድ ተጠቅመው የታሰሩ አባላት አሉ። ማንነቱን ደብቆ ጎልፍ ሲጫወት የተያዘም አለ። ጥሎ የወጣ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት እንደ አባል ይቆጠራል።

አሁን ይህን ወደ 2090 ውሰደው። እዚያ ሁሉም ነገር ውል ነው። በር የሚከፈተው በማንነትህ ነው። የባቡር መግቢያው፣ የቡና ማሽኑ፣ የሰው ሠራሽ ዓይንህ ሶፍትዌር፣ ሁሉም አንተን አንብቦ ነው የሚሠራው። ከንቲባ የሚያስደነግጠው አለቃ ከማሽን ቡና መግዛት አይችልም።

ከእኛ ጠረጴዛ አንድ ትዕይንት ልንገርህ። ተጫዋቾቹ ስለ ዕዳቸው ሊደራደሩ አንድ ሕንፃ ላይ ተጠሩ። ጥይታቸውን ቆጥረው፣ ማን ከማን ኋላ እንደሚቆም ተማክረው ደረሱ። ሊፍቱ ጋ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ቆሟል። ካፖርቱ ያረጀ ነው። በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ይዟል። ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ ሊፍቱ አያነበውም። ዞር ብሎ አንዷን ካራክተር (ከተጫዋቾቹ አንዷ የምትወክላትን ሰው) "ልጄ፣ እስቲ ክፈቺልኝ። ይሄ ሕንፃ እኔን አያውቀኝም" ይላታል። ተጫዋቿ ሳቀች። መዳፏን አስነክታ ከፈተችለት። አብረው ወጡ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ጎልማሶች በሙሉ እስከ ወገባቸው አጎነበሱ። ለሷ አልነበረም።

ድርድሩ በጨዋ ቃል አለቀ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። በማግስቱ ጠዋት ግን ስልኳ ተዘጋ። ቀጥሎ አከራይዋ "በጣም ይቅርታ" የሚል መልእክት ላከላት። ከሰዓት በኋላ የቀኝ ዓይኗ ፈቃድ ታገደና ግማሹ ዓለም ጠፋባት። ሕንፃው ለማን በር እንደከፈተች መዝግቦ ኖሯል። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልዛተባትም። አሁን ዓይኗን በጓሮ በር ሊያበራላት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ያ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌው ብቅ ሲል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

ፍርሃቱን ካገኘህ ቀጥሎ የሚያስፈልግህ ዝምድናው ነው። አለቃው ኦያቡን ይባላል፣ እንደ አባት ነው። ተከታዩ ኮቡን፣ እንደ ልጅ። የሚተሳሰሩት ሳኬ በሚባለው የሩዝ መጠጥ ጽዋ ነው። አባትየው ይቀምሳል፤ ልጅየው የቀረውን ጨልጦ ጽዋውን በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይከተዋል። ይህን ትዕይንት በትረካ አትዝለለው፤ አጫውተው። እኔ እጀታ የሌለው የቡና ሲኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቁርጥ የሳኬ ጽዋ ነው የሚመስለው። ውሃ ሞላሁበትና "ትጠጣለህ?" አልኩት ተጫዋቹን። ካራክተሩን አይደለም፣ ራሱን። ሲኒውን አንስቶ ረጅም ሰዓት አየው። የትኛውም ዳይስ ያንን አይሰጥህም።

አማርኛችንም እዚህ ጋ ትልቅ መሣሪያ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጫወት ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ማዕረግን በቁጣ ድምፅ ነው የሚያሳየው። አንተ "እርስዎ" እና "አንተ" አለህ። አለቃው ሁሉንም "ልጄ" ይበል። ጎልማሶቹ እሱን "እርስዎ" ይበሉት፤ እርስ በርስም ቀድሞ የገባውን አንቱ ይበሉት። ከዚያ አንዱ ተጫዋች ሳያስበው "አንተ" ብሎ ያመልጠዋል፣ አይቀርም። ያኔ ዳይስ አታስወርውር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ ዝም እንዳለ ተናገርና አንተም ዝም በል።

ገንዘቡ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚፈሰው። እያንዳንዱ በየወሩ ለበላዩ መዋጮ ይከፍላል፤ የበላዩም ለበላዩ። ስለዚህ ተጫዋቾችህን የሚያስጨንቃቸው ጎረምሳ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ወሩ ሊያልቅበት ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ቀኑን ራሳቸው መቁጠር ይጀምራሉ።

ጣት መቁረጡን ሁሉም ሰው ይጠይቅሃል። ልማዱ እውነት ነው፤ ከግራ ትንሿ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ይጀመራል። ነገር ግን ክንድ በሱቅ በሚሸጥበት ዓለም የጣት አንጓ ምን ዋጋ አለው? ዛሬም እኮ ጃፓን ውስጥ ሥራ ለሚፈልጉ የቀድሞ አባላት የሲሊኮን ጣት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። እኛ ጋ እንዲህ አደረግን፦ ሌላውን አካልህን እንደፈለግህ ቀይር፣ የቆረጥካትን ጣት ግን በምንም አትተካም። መላ አካሉ ብረት የሆነ ሰውዬ አንዲት ጎዶሎ ጣት ይዞ ሲመጣ ተጫዋቾቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከጣት የከፋው ደብዳቤ ነው። ከቡድኑ የተባረረ ሰው ስም በደብዳቤ ለሌሎቹ ቡድኖች ይላካል፤ ይህ ሰው ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ማንም እንዳይቀበለው የሚል። አንዳንዱ ማባረር ይቅርታ አለው፣ ሌላው ለዘለዓለም ነው። በጨዋታህ ውስጥ ይህ መልእክት በኔትወርክ አይምጣ። በእውነተኛ ወረቀት፣ በፖስታ ይምጣ። እኔ አትሜው የተጫዋቹ ሳህን ሥር አስቀመጥኩለት።

ሥራቸውን ዕፅና ጠመንጃ ብቻ አታድርገው። ለሳይበርፐንክ ቁርጥ የሆነው ሶካይያ የሚባለው ነው። ሰዎቹ የአንድ ኩባንያ ጥቂት አክሲዮን ይገዛሉ። ከዚያ "ዓመታዊ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ጉዳችሁን ልጠይቅ ወይስ ትከፍላላችሁ?" ይላሉ። ኩባንያዎቹ ሲከፍሉ ኖረዋል። በ1982 መክፈል በሕግ ተከለከለ፤ በ1997 ግን ኖሙራ ሴኩሪቲስና ዳይ-ኢቺ ካንግዮ ባንክ ሲከፍሉ መቆየታቸው ወጥቶ አገር ተናወጠ። ሰዎቹ ሁሉም ጋ መድረስ እንዳይችሉ ብለው ብዙ ኩባንያዎች ስብሰባቸውን በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ በአንድ ቀን ያደርጉ ነበር። እስቲ አስበው፤ የተጫዋቾችህ ተልእኮ አንድ ሽማግሌ በሕይወት አዳራሽ ገብቶ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ማድረግ ብቻ ነው። እኛ ጋ ምርጡ ሴሽን (የአንድ ቀን ጨዋታ) ይሄ ነበር። ሌላም ልጨምርልህ፦ እውነተኞቹ በሌሊት ጠልቀው ከባህር ውስጥ አባሎኒና የባህር ኪያር የሚባሉ የሚበሉ የባህር እንስሳት ይሰርቃሉ፤ ውድ ናቸው። በ2090 የመጨረሻው የባህር ኪያር ስንት እንደሚሸጥ አንተ ወስን።

ባላንጣ ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። ከ2023 ጀምሮ የጃፓን ፖሊስ ቶኩሪዩ ብሎ የሚጠራው አዲስ ዓይነት ወንጀለኛ አለ። ስም የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ጽዋ የለውም። ወጣቶችን በሶሻል ሚዲያ "ጥሩ ክፍያ ያለው የቀን ሥራ" ብሎ ይመለምላል። መታወቂያቸውን አስቀድሞ ይቀበልና መውጫ ያሳጣቸዋል። በተከታታይ የተፈጸሙ ዝርፊያዎች ፊሊፒንስ ማቆያ ውስጥ በተያዙ ሰዎች በስልክ ሲመሩ እንደነበር ተደርሶበታል። የወደፊቱን የሚመስለው በእርግጥ ይሄ ነው። ያኩዛው በአንፃሩ አድራሻ ያለው አሮጌ ሰው ነው። ተጫዋቾችህን በሁለቱ መሀል አስቀምጣቸው።

እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቅ፤ ሽማግሌዎቹ ደግ መምሰል ይጀምራሉ። በ1995 የኮቤ መሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ያማጉቺ-ጉሚ ምግብና ውሃ አከፋፍሏል፣ እውነት ነው። ለሰፈር ልጆች በሃሎዊን ከረሜላ ይሰጡም ነበር፤ በ2020 ኮቤ የምትገኝበት የሂዮጎ ክፍለ ግዛት ደንብ አውጥቶ እስኪከለክላቸው ድረስ። በሌላ በኩል የኪታክዩሹ ከተማውን የያኩዛ ቡድን፣ ኩዶ-ካይን፣ ተመልከት። ከተጠቂዎቹ መካከል ነርስና የጥርስ ሐኪም አሉበት። የፉኩኦካ ፍርድ ቤት በ2021 አለቃውን ሞት ፈረደበት፤ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ወደ ዕድሜ ልክ አወረደው። ስለዚህ ከረሜላ የሚሰጠውን ሽማግሌ ካሳየህ፣ በሚቀጥለው ሴሽን "ያኩዛ አይገባም" የሚል ማስታወቂያ የለጠፈችው ባለ ምግብ ቤት ምን እንደደረሰባት አሳይ።

ካርቱን ስለማድረግ ለጠየቅከው፣ የሠራልኝ ነገር ዝርዝር ነው። ያማጉቺ-ጉሚ በ2013 ለአባላቱ ጋዜጣ አሳትሞ ነበር፤ ውስጡ አጫጭር ግጥምና ዓሣ የማጥመድ ማስታወሻ ነበረበት። አዲሱን ሕግ እንዲያውቁ አባላቱን በጽሑፍ እንደፈተነም ተዘግቧል። ጉልበቱን እያሸ ፈተና የሚያጠና የስድሳ ዓመት ዱርዬ ካርቱን አይሆንብህም። ጃፓናዊ ሁሉ ደግሞ ያኩዛ አይሁን፤ መርማሪዋ፣ ጠበቃው፣ ባለ ራመን ቤቱም ጃፓናዊ ናቸው፣ እነሱም ይናገሩ። ጃፓንኛ ቃል በየዓረፍተ ነገሩ አትበትን፣ ድምፅህንም አታጎርንን። ብዙ አባላት መድልዎ ከሚደርስባቸው ወገኖች እንደመጡም አትርሳ፤ በትውልድ ኮሪያዊ የሆኑና ቡራኩሚን የሚባሉት፣ በድሮ ጊዜ እንደ ተናቀ ወገን ይገለሉ የነበሩ ሰዎች ዘሮች፣ ይገኙበታል። ይህን ካነሳህ በሩ ለምን እንደተዘጋባቸው አብረህ አሳይ። ካልሆነ አታንሳው።

ንቅሳቱን አንዴ ብቻ አሳየው፣ ሙቅ ውሃ ቤት ውስጥ፣ እንፋሎቱ ገለል ሲል። ያትምኩት የማባረሪያ ደብዳቤ ናሙና በአማርኛ አለኝ፤ ከፈለግህ ኢንቦክስ አድርግልኝና እልክልሃለሁ። ሰይፉንም ከካምፔይኑ አታውጣው፤ አለቃው ቢሮ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ማንም አይመዘውም። ከተጫዋቾችህ አንዱ ግን ሊሰርቀው መሞከሩ አይቀርም፤ ለዚያ ቀን የወሩን መጨረሻ ጠብቅለት።