አንድ ቀዳዳ ላይ ሰላሳ አመት?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመረቅኩ፣ ማጥናት የምፈልገው ደሞ አንጎልን ነው፣ ትዝታ እንዴት እንደሚያዝ፣ ህመም ለምን እንደሚሰማን ምናምን። ግን የማማክራቸው ሁሉ "አንድ ሪሴፕተር ወይ አንድ አዮን ቻናል ያዢና እሱ ላይ ስሪ" ነው የሚሉኝ፣ ሴሉ ላይ ምልክት የሚቀበል ወይ ቻርጅ ያላቸውን አተሞች በቀዳዳው የሚያሳልፍ አንድ ፕሮቲን ማለት ነው። እውነት አንድ ፕሮቲን ላይ ሃያ ሰላሳ አመት ቁጭ ማለት አይሰለችም? ደሞስ ሐኪም ሳልሆን ይሆናል?
ግራ የገባት ነኝ

መልስ፦ የሐኪሙን ቶሎ እንገላገለው፣ ይሆናል። ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሴል ላይ አጣብቀው በቻናል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለኩበትን፣ ፓች ክላምፕ የሚባለውን ዘዴ ከፈጠሩት ሁለት ጀርመኖች ኤርቪን ኔኸር የፊዚክስ ሰው ነው፣ በርት ዛክማን ደሞ ህክምና የተማረ፣ 1991 ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኖቤሉን አብረው ወሰዱ።

ወደ ስልቸታው ስንመጣ ግን ትዝታን ትቼ ፕሮቲን ልይዝ ነው ብለሽ ነው የፈራሽው፣ እሱን ነው ያልተስማማሁልሽ። ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ሪሴፕተር እዪው። ሪሴፕተርም ቻናልም ነው፣ ግሉታሜት (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት ኬሚካል) መጥቶ ሲይዘው መከፈት ነበረበት፣ ግን ቀዳዳው ውስጥ ማግኒዥየም ተወሽቆ ይዘጋዋል፣ ማግኒዥየሙ የሚወጣው ደሞ ተቀባዩ ሴል ራሱ በሌላ ምልክት ሲነቃቃ ነው። ስለዚህ ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ጊዜ ካልሰሩ ምንም አያልፍም፣ ሲሰሩ ግን ካልሲየም ይገባና በሁለቱ ሴሎች መሃል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል። ሁለት ነገር አያይዘን የምንማረው በአብዛኛው በዚች በር በኩል ነው እኮ! ይሄን መጀመሪያ ስማር ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኝ ነው የዋልኩት።

ህመምም ያው ነው። እነ ዴቪድ ጁሊየስ 1997 ላይ ካፕሳይሲንን፣ ማለትም ቃሪያን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ነገር የሚቀበለውን ቻናል ሲያገኙት ለካ ያው ቻናል ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም ይከፈታል። ቃሪያ አቃጠለኝ ስንል ነርቩ ጋ የምር ማቃጠል ነው።

የሚያሰለቸው የፓች ክላምፑ እጅ ስራ ነው፣ እዛ ላይ አልዋሽሽም። ፒፔቱን፣ ማለትም ቀጭኑን የመስታወት ቱቦ አሙቀሽ ትስቢያለሽ፣ ጫፉ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ አካባቢ ይሆናል፣ በማይክሮስኮፕ እያየሽ ሴሉን ነካ አድርገሽ አየሩን ትንሽ ሳብ ታደርጊያለሽ፣ ካልተጣበቀ በአዲስ ፒፔት እንደገና፣ ሲጣበቅልሽ ደሞ ሴሉ ይሞትብሻል፣ ሳይሞት ሲቀር ከመብራት መስመሩ የሚመጣ ረብሻ ሁሉንም ይሸፍነዋል። የምትለኪው እኮ ፒኮአምፔር ነው፣ የአምፔር ትሪሊየንኛ! ግን የተሳካ ቀን አንድ ሞለኪውል ብቻውን ሲከፈትና ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ታዪዋለሽ።

የአርደም ፓታፑቲያን ላብ የንክኪ ቻናል ሲፈልግ 72 ጂኖች መርጦ አንድ በአንድ እያጠፋ ሴሉን በፒፔት ሲነካካ ነው የከረመው፣ ፒየዞ የሚባለውን አግኝተው 2010 ላይ አወጡት፣ 2021 ላይ እሱና ጁሊየስ ኖቤል ተካፈሉ። ከኖቤሉ በፊት ያለውን "ይሄም አይደለም፣ ይሄም አይደለም" የሚለውን ግን አስቢው፣ እሱን የማትችዪ ከሆነ ስራው ይከብድሻል።

እኔ ብሆን ከመወሰኔ በፊት ፓች የሚሰራ ላብ ለምኜ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያ ካልጣመሽ የቻናሎችን ቅርጽ የሚያጠኑ አሉ፣ ሮድሪክ ማኪነን 1998 ላይ የፖታሲየም ቻናልን በኤክስሬይ አሳይቶ 2003 ላይ በኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቷል፣ እሱ ጭራሽ ሐኪምነቱን ትቶ የመጣ ነው። እስከዛው ግን የኦምን ህግ ከልሺ፣ የባዮሎጂ ተማሪ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ገጽ ይዘላል፣ እኔም ዘልዬ ነበር፣ በኋላ ነው የቆጨኝ።